የእትዬ አካፋ ሽንት ቤት

ሴትዮዋን መጀመሪያ የተጸየፍኳት በመሐረቧ ምክንያት ነው። ከባሕር ማዶ መጥታ ጓሯችን ካለችው ክፍል በገባች በማግስቱ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ተናፈጠችና ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኛ ንፍጣችንን እንጥላለን እንጂ ለነገ ብለን አናስቀምጥም። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። "ዝም በይ፣ እንግዳ ናት" አለችኝ፤ የእሷም ፊት ግን ጭምድድ ሲል አይቻለሁ።

ቀጥሎ ጥርሷ መጣ። ትምህርት ቤት ስለ ጥርስ ንጽሕና ልታስተምረን ከፊታችን ቆማ ብሩሹን አሳየችን፤ ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ የላይኛውን ጥርሷን ከነድዱ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ምራቁ ያብረቀርቃል። አጠገቤ የነበረችው ልጅ በተቀመጠችበት ሽንቷ አመለጣት። እኔን ደግሞ ያን ቀን ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ማንም አላስተማረኝም፤ እስካሁን ጥርሴን የምቦርሸው ያን መዳፍ እያየሁ ነው።

ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች፤ እኛን ልታገለግል ያለ ደመወዝ የመጣች በጎ ፈቃደኛ። ይሄ ነገር ለመንደሩ ጨርሶ አልገባውም። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ሲሰበሰቡ ስለ እሷ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

"በዚህ ዕድሜዋ ቤቷ ቁጭ ብላ የልጅ ልጅ አታቅፍም?" ትላለች አንዷ።

"ልጆቿ አባረዋት ነዋ! ደህና ሰው አገሩን ጥሎ የኛን ልጆች ጥፍር ሊቆርጥ ይመጣል?"

ልብስ ሰፊው ደግሞ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ "ወይ ሰርቃ ነው፣ ወይ አብዳ ነው" ይል ነበር። እኔ አብዳ ነው የሚለውን መረጥኩ፤ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት የውስጥ ሱሪዋን ራሷ አጥባ መንገድ ዳር ባለው ገመድ ላይ ታሰጣለች። አባቴ በዚያ ሲያልፍ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ ነበር የሚሄደው። ካሮትን ከነልጣጩ ትበላለች። ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ስለተማረችው መንገድ ላይ ያገኘቻትን ፍየል "እባክዎ ይለፉ" ትላታለች፤ የመንደሩን ሰብሳቢ ግን "አንተ ልጅ" ብላዋለች። ሰብሳቢው ይህን እስኪሞት አልረሳላትም። በልጅነቴ እኔም አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣልሽ ብሎኛል፤ እንደዚሁ ይቀጥል።

ሰብሳቢው ሴትዮዋ በመጣች ሰሞን መንደሩን ጠርቶ፣ "እንግዳችን በዕድሜ የገፋች ናት፤ ሜዳ ለሜዳ ስትንከራተት ሰው ቢያያት ውርደቱ የኛ ነው። ሽንት ቤት እንሥራላት" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ያን ጊዜ መንደራችን ውስጥ ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቁጥቋጦው ነው። በቦታው ላይ ብዙ ክርክር አልተነሣም። ከውሃ ጉድጓዳችን ከፍ ብላ ያለችው ጉብታ ተመረጠች፤ ከእንግዳዋ ክፍል ቅርብ ናት፣ መታጠቢያ ውሃውም እግሯ ሥር ይሆንላታል ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ለሴትዮዋ ሲያስብ ለውሃው ያሰበ አንድም አልነበረም።

የሚቆፍረው አባቴ ነበር። አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። የመንደሩን ውሃ ያወጣውም እሱ ስለሆነ በየቤቱ ሲገባ ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል፤ እኔም የእሱ ልጅ በመሆኔ ሰልፍ ሳልጠብቅ እቀዳ ነበር። ሽንት ቤቱን ሲጀምር ደረቱን ነፍቶ፣ "ለሰባት ትውልድ የሚበቃ ነው የማደርገው" አለ። ወደ ማለቂያው ግን አንድ ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ውሃ እያፈሰሰችለት እግሩን ሲታጠብ እኔ ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር።

"ውሃ አግኝቻለሁ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የት?"

"ሥሩ ላይ ነዋ! እየተንጠፈጠፈ ነው።"

እናቴ ማፍሰሷን አቆመች። "ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ዝም ማለት ነው። ጠጠር እደፋበታለሁ። ቆርቆሮው መጥቷል፣ በሩ ተቀብቷል። ለማንም እንዳትናገሪ።"

በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አባቴ ሌላ ውሃ አግኝቷል! ደብቆ ያቆየውና አንድ ቀን መንደሩን ጉድ ሊያሰኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ምስጢር ጠባቂ መሆኔም አኮራኝ። የትኛው ጉድጓድ ሥር እንደሆነ መጠየቅ ለልጅ ጭንቅላቴ አልታየውም። ልጅ አባቱን ሲወድ የሚሰማውን ሁሉ ወደ መልካም ነው የሚተረጉመው፤ እኔም የወደድኩትን ያህል ነው ተርጉሜ ያደርኩት።

ሽንት ቤቱ ተመረቀ። ሰማያዊ በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ውስጡ በኖራ የተቀባ። እንደዚያ የሚያምር ክፍል አይቼ አላውቅም ነበር፤ የእኛ ቤት ራሱ ኖራ አያውቅም። ሰብሳቢው ንግግር አድርጎ ቁልፉን ለሴትዮዋ ሰጣት። እሷ ግን አልገባችም። ቤቱን ዞረችው። ቁልቁል ወደ ውሃ ጉድጓዱ አየች፣ እንደገና ሽቅብ አየች። ከዚያ ፊቷ ነጭ ጨርቅ መሰለ።

"በጣም ቆንጆ" አለች። "በጣም አመሰግናለሁ። ግን እዚህ አይሆንም። ውሃው ታች ነው።"

"አዎ እንጂ!" አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። "ቅርብ ነው! ለእርስዎ ብለን እኮ ነው!"

ራሷን ነቀነቀች። "ሩቅ። እባካችሁ ሩቅ አድርጉት።" ቁልፉን መልሳ በእጁ አስጨበጠችው። እልልታ ሊያሰሙ የተዘጋጁት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አባቴ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ያዋረደችው መስሎኝ አንጀቴ አረረ።

በማግስቱ ሱቅ ሄዳ ትንሽ አካፋ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ከእርሻው ማዶ ወዳለው ደረቅ መሬት ወርዳ፣ ቆፍራ፣ ተጠቅማ፣ ደፍና ትመለሳለች። ልብስ ሰፊው "እትዬ አካፋ" አላትና ስሙ በዚያው ጸደቀ። ልጆች ከኋላዋ እየተከተልን "እትዬ አካፋ፣ ዛሬ ምን ተከልሽ?" እንላለን። እሷ ዘወር ብላ፣ "ደህና አደራችሁ?" ትለናለች። አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን። እኛው ያለ አካፋ ወደ ቁጥቋጦው ሄደን ሳንሸፍን የምንመለስ ሰዎች ነበርን፤ ያስጠላን የእሷ መቅበር ነው።

ሽንት ቤቱም ባዶ አልቀረም። ሰብሳቢው "ይህን የሚያህል ንብረት እንዲሁ አይቀመጥም" ብሎ ቤተሰቡን አስገባ። ከዚያ እንግዶቹ ገቡ፣ ቀጥሎ ዘመዶቹ። በኋላ ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀረና መንደርተኛው በሙሉ ተራ ይይዝ ጀመር። ከሩቅ መንደር የመጣ ሰው ሳይገባበት አይሄድም ነበር። እኔንም እናቴ ፀጉሬን አበጥራ ወሰደችኝ፤ ኖራውን እያየሁ፣ እየዘፈንኩ፣ ውጪ አንኳክተው እስኪያስወጡኝ ተቀመጥኩ።

ክረምት ሲገባ ውሃው ተለወጠ። መጀመሪያ ሽታ ብቻ ነበር፤ እንቁላል የታጠበበት ዕቃ ዓይነት። ቆይቶ ገንቦው አፍ ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ይይዝ ጀመር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ታጠልለውና ነጠላዋን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። "ክረምት ነው" ይላል አባቴ። ሁሉም ክረምት ነው ይላል። እትዬ አካፋ ግን በየቤቱ እየገባች፣ "አፍሉት፣ አፍሉት" ትላለች፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ታሳያለች። ሰው ተቀየማት። ውሃችንን ተጸየፈችው ተባለ። እኔም በሷ ቦታ ሆኜ አፍሬላት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ሰው ቤት ተቀምጦ የሰው ውሃ ይናቃል?

ከዚያ ልጆች መታመም ጀመሩ። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የጎደጎደ ዓይን። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ክፍላችን ውስጥ ከፊቴ የሚቀመጥ ቀልደኛ ነበር። አንድ ሰኞ ቀረ፤ በዚያው ሳምንት ሞተ። መቃብሩን የቆፈረው አባቴ ነው። የድካሙን ሊከፍሉት ሲሉ እጁን አራግቦ እምቢ አለ፤ የልጁ አባት ጉልበቱ ላይ ወድቆ መረቀው። አባቴ ምርቃቱን ተቀበለ። ይህንን ባስታወስኩ ቁጥር አፌ ይመረኛል፤ መራራው ወደ ጉሮሮዬ ይወጣና ምራቄን መትፋት እፈልጋለሁ።

ቀጥሎ የታመመችው ታናሽ እህቴ ነች። ገና መሮጥ የጀመረች ልጅ ነበረች። በአንድ ቀን እንደ ጨርቅ ተልፈሰፈሰች። እናቴ አቅፋት ስታለቅስ እትዬ አካፋ ሳታንኳኳ ገባች፤ ልጅቷን ከእጇ ተቀብላ ወደ ክፍሏ ወሰደቻት። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየኋት ነበር። የፈላ ውሃ ውስጥ ጨውና ስኳር ጨምራ በማንኪያ ታጠጣታለች። እህቴ ታስመልሳለች፤ ጠርጋ እንደገና ታጠጣታለች። ከታች ሲያመልጣት በእጇ ታጸዳለች። በባዶ እጇ! ቀሚሷ ላይ ሲፈስ እንኳ አልደነገጠችም። ከዚያ በዚያው እጇ ማንኪያውን አንሥታ አፏ ላይ አደረገችላት። ሮጬ ሄጄ ግድግዳው ሥር አስመለስኩ።

በመካከሉ እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ስትታጠብ ነበር። ይህንንም አይቻለሁ፤ ግን አላየሁትም። የፈለግሁት ቆሻሻውን ነበርና ዓይኔ ቆሻሻው ላይ ቀረ። አልጋዋ ሥር የነበረውን ባልዲና የሳሙናውን ሽታ ያስተዋልኩት ሴት ሆኜ የራሴን ልጅ ሳስታምም ነው።

እህቴ ትንሽ ዓይኗን መግለጥ በጀመረች ዕለት ሰብሳቢው መንደሩን ውሃው አጠገብ ሰበሰበ። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከፊት ተቀምጧል፤ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ጠምጥሟል።

"በሽታው ከየት እንደመጣ እናውቃለን" አለ ሰብሳቢው። "እርሻ መሬት ላይ በአካፋ እየዞረ ቆሻሻ የሚቀብር ማነው? የታመመ ልጅ ሰገራ በእጁ የሚነካ ማነው? ከእሷ በፊት እንዲህ ዓይነት በሽታ ነበረን?"

"አልነበረም!" አለ ሰዉ።

እትዬ አካፋ እህቴን ለእናቴ ሰጥታ መጣች። ቃል ሲያጥራት በእጇ ነበር የምትናገረው። አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ ወደ ሰማያዊው በር ወጣችና ደጃፉ ላይ ደፋችው። ውሃው ኮለል ብሎ ወረደ፤ በቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ መጥቶ የውሃ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ደረሰ። በጣቷ ተከትላ አሳየች፤ ከላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ አፋችን። እኛ ሳቅን። ውሃ ተቸግረን እሷ ትደፋለች! ልብስ ሰፊው፣ "ይኸው፣ አብዳለች አላልኩም?" አለ።

ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ግን አልሳቀም። ወደ አባቴ ዞረ። "አንተ ባለሙያው ነህ። ይቺ ሴትዮ ውሃችሁ ተበክሏል ነው የምትለው። እውነት ነው?"

እናቴ እህቴን እንዳቀፈች አባቴን ታየዋለች። አሁን ነው፣ አሁን ያገኘውን ምስጢር ውሃ የሚነግራቸው፣ አሁን ሁላችንንም የሚያድነን አልኩ። አባቴ ተነሣ። ከውሃው ቀዳ፤ ጣሳውን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና አንዴ ሳይተነፍስ ጨለጠው።

"ይህን ውሃ ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለ ከንፈሩን ጠርጎ። "ውሃዬ ንጹሕ ነው።"

ጭብጨባው! ሴቶች እልል አሉ። እኔም እልል ለማለት ሞከርኩና ድምፄ ተሰነጠቀ። የምስጢሩን ውሃ ባይናገርም ጀግንነቱ በቃኝ። እናቴ ብቻ ፊቷን በእህቴ ልብስ ሸፈነች፤ በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ሰብሳቢው ሴትዮዋ በማግስቱ በሚያልፈው የጭነት መኪና እንድትሄድ ወሰነ። እሷ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነች። "ልጅቷ" አለች፣ ወደ እህቴ እያሳየች። "ገና አልዳነችም። እስክትድን ብቻ። ከዚያ እሄዳለሁ።"

ሁሉም አባቴን አየ፤ ልጅቷ የእሱ ናትና። የገዛ ልጁ ናት። "ልጄን እኔ አውቅላታለሁ" አላት።

መኪናው ላይ ስትሳፈር ልጆች "እትዬ አካፋ፣ ደህና ግቢ!" እያልን ጮህን። እሷ አልሰማችም፤ ለእናቴ በጣቶቿ እያሳየች ነበር፤ ጨው ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል፣ አፍዪ፣ አፍዪ። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። በሚቀጥሉት ቀናት እናቴ በሩን ዘግታ ውሃ ስታፈላ አባቴ እንዳላየ ሆኖ ይወጣ ነበር። እሱ ራሱ ከዚያች ጣሳ በኋላ ሆዱን ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ተኛ፤ ለጠያቂው ሁሉ ጥርሴን ነው ይል ነበር።

እህቴ ዳነች። አባቴም ከአልጋው ሲነሣ መጀመሪያ ያደረገው ሽንት ቤቱን መድፈን ነው። "የሴትዮዋ እርግማን ያለበት ነው" ብሎ አስወራና መንደሩ በሙሉ ድንጋይና አፈር ተሸክሞ አገዘው። አንድ ቀን እንኳ ያልገባችበትን ቤት በእሷ ስም ቀበሩት። በሩን ሰብሳቢው ለዶሮ ቤቱ ወሰደው። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ውሃው ጠራ፣ ልጆች መታመም አቆሙ።

"አያችሁ?" አለ ሰብሳቢው። "ሄደች፤ በሽታውም አብሯት ሄደ።"

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔም አመንኩ፤ ለብዙ ዘመን አመንኩ። እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ጎልምሼ፣ እሷ አርጅታ፣ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች። "ያኔ አባትሽ ውሃ ያገኘው እዚያው ሽንት ቤቱ ሥር ነበር" አለችኝ፣ የጠፋ መርፌ ያገኘች ያህል እንኳ ሳትደነቅ። "ያው የምንጠጣው የታችኛው ውሃ ነው።" ከዚያ ሽንኩርቱን እንድጥደው አቀበለችኝ።

ባለፈው ዓመት ሁላችንም ወላጆቼ ቤት ለምሳ ተሰብስበን ነበር። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ መጥታለች። አባቴ ዛሬ ሸምግሏል፤ ልጆች ከተሰበሰቡለት ታሪክ ማውራት ይወዳል። ያን ቀንም ጀመረ፤ አንዲት ከባሕር ማዶ የመጣች ቆሻሻ አሮጊት መንደሩን በበሽታ ልትጨርሰው እንደነበር፣ እሱ በገዛ እጁ ጉድጓዷን ደፍኖ እንዳዳነን።

"ይቺንም በሰገራ እጇ አጉርሳት ነበር" አለ እህቴን እያሳየ። "እግዜር አተረፋት።"

እህቴ ፊቷን አኮማተረች። "ኤጭ! በእጇ? እኔን?" አለችና ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ሁለቴ ጠረገች።

ይህን አልቻልኩም።

"አንቺን ያተረፈችሽ እሷ ናት" አልኳት። "በዚያ እጇ ነው ያተረፈችሽ። ስትታመሚ የጠጣሽው የሰብሳቢውን ቤተሰብ፣ የጎረቤቱን፣ የእኛን፣ የሁላችንን ሽንት ቤት ነው። አባዬ ሲቆፍር ሥሩ ላይ ውሃ አግኝቶ ነበር። አውቆ ዝም አለ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ልጅ ቀብሮ ተመርቆበታል።"

ማኘክ ቆመ። እህቴ ወደ አባታችን ዞረች።

"አባዬ? እውነት ነው?"

አባቴ ጣቱን ላሰ፤ አሰበ። አላፈረም። ምናልባት ጥያቄው አፍሮ እንደሆነ የሚጠይቅ አልመሰለውም።

"ያን ጊዜ" አለ፣ "መንደሩ በሙሉ እያመሰገነኝ ነበር።"

"ሰው ሞቷል እኮ አባዬ!" አለች እህቴ፤ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ። "እኔም ልሞት ነበር። እያወቅህ ነው ያባረርካት?"

እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋጨችው። "ኧረ በፈጠራችሁ!" አለች። "ምግብ ላይ ነን! የሽንት ቤት ወሬ ምግብ ላይ ይወራል? ሰው አይጸየፍም?"

"እውነቷን ነው" አለ አባቴ፤ እጁንም ወደ ሳህኑ መለሰ።